የግራ እጅ ዘርፍ

ክፍላችን እስኪለቀቅ የምትጠብቀው ተረኛ አባቴን ልትጠይቅ መጣች ቢሏችሁ አትመኑ። የመጣችው መስኮታችንን ልትለካ ነው።

«ታመሙ ሲባል ሰምቼ ነው» አለች በሩ ላይ ቆማ፤ ዓይኗ ግን ከአባቴ ራስ በላይ መጋረጃው ላይ ነበር። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ትንሽ ቆየችና «አቤት ብርሃኑ ደስ ሲል!» ብላ ተነሥታ የመስኮቱን ደፍ ዳሰሰች። በስንዝር ስትለካ ያላየኋት መሰላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ስንዝር ከጣት።

«እትዬ፣ መጋረጃውን ከነዘንጉ ላውርድልሽ?»

«ውይ፣ ይህ አፍሽ!» ብላ ሳቀች። «አባትሽ ሸማኔ፣ አንቺ ምላጭ።»

«ምላጭ መሆኔን ካወቅሽ እጅሽን ከመስኮቴ አንሺዋ።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር «ተያት» አለ። ለማን እንዳለው አላወቅንም።

የሽመና ቤቱ ሕግ አጭር ነው። ግቢው ውስጥ አሥራ አራት ክፍል አለ። በየክፍሉ አንድ መሸመኛ፣ ከመሸመኛው ጀርባ ሁለት አልጋ የሚያስገባ ቦታ፣ ጥግ ላይ አንድ ቧንቧ። መሸመኛ የሚሰጠው ለእጅ እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። ያ እጅ ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ራሱ ሠርቶ፣ በርክክብ ቀን ራሱ ይዞ እስከቀረበ ድረስ መሸመኛውም ክፍሉም የሱ ነው። እጁ ያቆመ ዕለት ተረኛ ይገባል። ልጅ አይወርስም፤ ሚስትም አትወርስም። ተረኛዋ ስድስት ዓመት ጠብቃለች፤ ከሦስት ልጆቿ ጋር እህቷ ቤት፣ መተላለፊያ ላይ ነው የምትተኛው። ክፉ ሴት አይደለችም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

እኔና አባቴ ከዚያ ክፍል ሌላ መግቢያ የለንም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ዘመድ የምንለው ሰው በፎቶግራፍ ብቻ ነው ያለን።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የተልባ እግር ሸምኗል። ከተልባ ግንድ የሚወጣውን ክር ማለቴ ነው፤ የአንገት ስካርፍ እንሠራበታለን። ጥጥ የሚያውቅ ሰው የተልባ እግርም አውቃለሁ እንዳይል። ጥጥ እናት ነው፤ ብታጠፋም ይቅር ይልሃል። የተልባ እግር አማት ነው። ትንሽ አየር ከደረቀበት ይበጠሳል፤ አንድ ጊዜ ካኮረፈ ደግሞ በካውያም በልመናም አይመለስም።

የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በዝናቡ ወራት ነው። መጀመሪያ ቁልፉ ቀዳዳውን አጣ። አባቴ በቁልፉ ፈርዶ ጓጉንቸሩን ቀየረው። ቀጥሎ የውሃ ብርጭቆ ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ መድፋት አመጣ። «ብርጭቆው ጠባብ ነው» አለ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን፤ አባቴ ስሙን በወረቀት አጽፎ ኪሱ ከተተውና ዳግም አላነሣውም። አንድ ጠዋት መወርወሪያው ከእጁ አምልጦ አልጋው ሥር ገባ። አባቴ አላነሣውም። የወደቀበትን ቦታ ትንሽ አየው፤ ሄዶ ተኛና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መወርወሪያውን አንሥቼ ቦታው ላይ ተቀመጥኩ።

ማን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ማንም። አባቴ ሴት ልጁን ሸማኔ ማድረግ አልፈለገም፤ «ወገብሽን ይበላዋል» ይል ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በርጩማዬን ከመሸመኛው ማዶ አድርጌ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እጁን አይ ነበር። ሌሎች ልጆች ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ እኔ የሰው ጣት ስቆጥር አደግኩ። ተምሮ ያወቀ መምህሩን ያመሰግን፤ እኔ የማመሰግነው ዓይኔን ነው። ይህን ስል ደረቴ ምን ያህል ይነፋ እንደነበር አሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

የአሥራ ሁለት ስካርፍ ትእዛዝ ነበረብን፤ ርክክቡ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መሸመኑ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ የአባቴን እጅ መምሰል ነው።

ተረካቢው ዓይነ ጣት ይባላሉ። ይህን ስም ያወጣላቸው ግቢው ነው፤ ጨርቅ ሲረከቡ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ነው የሚያዩት። ከአባቴ ጋር በአንድ ዘመን የጀመሩ ሸማኔ ነበሩ። የአሥራ አራቱን ክፍል እጅ አንድ በአንድ ያውቃሉ፤ የማን ምት ጠበቅ እንደሚል፣ የማን ጠርዝ እንደሚላላ። የአባቴ ምልክት የግራ ጠርዙ ነው። አባቴ ግራ እጅ ነውና በግራ ሲወረውር ክሩን ጎተት ያደርጋል፤ ስለዚህ በግራ በኩል ጨርቁ ቀበቶ እንደታጠቀ ሰው ትንሽ ጠበብ ይላል። ጥፋት ነው፤ ግን የሱ ጥፋት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስለኖረ ማንም ጥፋት አይለውም።

እኔ ደግሞ ጠርዜ ቀጥ ያለ ነው። መኩራራት አይሁንብኝና እንደ ማስመሪያ ነው። በየውርወራው አውቄ መጎተት ነበረብኝ። ቀጥ ያለውን ማጣመም ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለልክ እየጎተትኩ ግማሽ ክንድ ፈታሁ። ከዚያ ያዝኩት። በያንዳንዱ ጉተታ ግን ከውስጤ አንድ ነገር አብሮ ይጎተት ነበር። የምችለውን እያወቅኩ እንደማልችል ሆኜ መሥራት።

አየሩ ደረቀ። እርጥብ አንሶላ በመሸመኛው ዙሪያ ሰቀልኩ፤ ተልባ ቀቅዬ በዝልግልጉ ድሩን ቀባሁት። እንደዚያም ሆኖ ይበጠሳል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለውን የተረተ ሰው ተልባን ከፍሬው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ክር ሆኖ ሲንጫጫ ሙቀጫውንም ይሰብራል። እበጠሳለሁ ይላል፣ እቋጥረዋለሁ፤ ይበጠሳል፣ እቋጥረዋለሁ።

መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቷል። የምቱ ድምፅ ግን ውጭ ይሰማል።

«አባዬ፣ ሰው ሲያልፍ ሳል» አልኩት። «ቁጭ ብለህ እየሠራህ እንደሆነ ይወቁ።»

«ሳል?»

«አዎ፣ የሸማኔ ሳል። ወፈር ያለ።»

ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከግድግዳው ጋር ተፋጥጦ ይስል ጀመር። በሦስተኛው ቀን «ሠላሳ ዓመት ሸማኔ ኖሬ መጨረሻዬ ሳል ፋብሪካ ሆነ» አለ። ሳቅኩ። እሱም የሳቀ መሰለኝና ዘወር አልኩ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላጣራሁም።

አሥራ ሁለቱ በአሥራ አንድ ቀን አለቁ። በስካርፍና በስካርፍ መካከል ለዘርፉ አንድ ስንዝር ድር ሳይሸመን ይተዋል። ቆራርጬ ለያየኋቸውና መቋጨት ጀመርኩ። አራት አራት ክር ወስዶ፣ ሁለቱን ሁለቱን ጭን ላይ በመዳፍ አሽከርክሮ፣ አንዱን በሌላው ላይ ጠምዝዞ ጫፉን መቋጠር ነው። በአንድ ስካርፍ አርባ ስምንት ዘርፍ። ሥራውን በጣም ስለምወደው እያንጎራጎርኩ ነው የቋጨሁት። ከጠርዙ ጭቆና በኋላ ዕረፍት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አጠብኩ፤ ሳልጨምቅ በፎጣ ጠቅልዬ ውሃውን አስመጠጥኩ፤ ገና እርጥበት ሳለው በካውያ ተኮስኩት። የርክክቡ ጠዋት አሥራ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ሲያበሩ፣ ተረኛዋን ጠርቼ ላሳያት ሁሉ አማረኝ።

«አባዬ ተነሥ፤ ይዘህ የምትቀርበው አንተ ነህ። እጅህ እንዳይታይ ደረትህ ላይ አጥብቀህ ታቅፈዋለህ።»

ተነሣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጨርቁ ዞረ። የግራ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ መደነቅ ነበር። ከዚያ ጣቱ ወደ ዘርፉ ወረደ። አንዱን ይዞ ቆመ። ሌላውን ያዘ።

«ይህን ማን ቋጨው?»

«እኔ ነኛ።»

«የተጠመዘዘው በቀኝ ነው።»

«እንዳንተ ነው የጠመዘዝኩት! ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይህ...»

ፊት ለፊቱ ነበር የተቀመጥኩት። እንደ መስታወት። የሱ ግራ ከኔ ቀኝ ትይዩ ነበረ፤ ዓይኔ የሱን ግራ ለኔ ቀኝ አስተማረው። ማንም ስላላስተማረኝ «በሌላኛው እጅ» ብሎ ያረመኝም አልነበረም። አባቴ ወደ ውጭ የሚጠመዝዘውን እኔ ዕድሜ ልኬን ወደ ውስጥ ስጠመዝዝ ኖሬያለሁ። ዘርፍ በዓይን ቢያዩት አይለይም። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣት ለሚያዩ ሰው ግን ከፊርማ ይበልጣል።

ርክክብ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። የቀረኝ አራት ሰዓት ብቻ ነበር።

ቋጠሮ በመርፌ መፍታት ጀመርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የተልባ እግር ስላላዩ ነው። ታጥቦ የደረቀ ጥምዝ ሲፈታ ይሸበሸባል፤ ወደ ቀድሞ መንገዱ ይጠቀለላል። እያረጠብኩ፣ በካውያ ጫፍ እያቃናሁ፣ በማላውቀው ግራ እጄ ጭኔ ላይ እያሽከረከርኩ መቋጨት ጀመርኩ። ግራ እጄ የሰው እጅ ሆነብኝ። ጣቴ በካውያው ተቃጠለ፤ መጮህ ጊዜ ይወስዳል ብዬ ተውኩት። አባቴ ሊያግዘኝ አንዱን ያዘ። ክሮቹ በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጡ፣ ተዘበራረቁ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸውና እጁን ብብቱ ሥር ሸሸገ፤ እንደተቀጣ ልጅ።

«አባዬ፣ ሰዓቱን ብቻ ንገረኝ።»

«ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው» ሲለኝ አራቱን ጨርሼ ነበር። አራት ከአሥራ ሁለት። አራቱን ከላይ አደረግኩ፣ ስምንቱን ከታች፤ ከላይ ከላይ ዳስሰው ይለፉን ብዬ። ያለኝ ተስፋ ይኸው ነበር።

ተረኞች በርክክብ ቀን ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማን እንዳልመጣ ለማየት። ተረኛዋ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበረች። አባቴን በእግሩ ሲሄድ ስታይ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ወረደ፤ ወዲያው ግን «እንኳን ለዚህ አበቃዎ» አለች፤ ደግሞ ከልቧ ነው።

ዓይነ ጣት ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠዋል።

«ኧረ ሰውዬው! ሞተሃል ብለውኝ ልቅሶ ልደርስ ስል መጣህ?»

«አንተን ሳልቀብር?» አለ አባቴ። ድምፁ ደህና ነበር። ጥቅሉን ከደረቱ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና እጆቹን ወዲያው ኪሱ ከተተ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጀመሪያውን ጠርዝ ዳሰሱ፤ ከንፈራቸው ፈገግ አለ። «ይኸው፣ ጎታቹ መጣ» አሉ። ወደ ዘርፉ ሄዱ፤ አለፉ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አራተኛ። አምስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሰው አራተኛውን ዳሰሱ፤ እንደገና አምስተኛውን። ከዚያ ምንም ሳይሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ለሁለት ከፈሏቸው። አራት እዚህ፣ ስምንት እዚያ።

«የሁለት እጅ ነው» አሉ።

«ዘርፉን ልጄ አግዛኝ ነው» አለ አባቴ ፈጥኖ። «ሽመናው የኔ ነው። የስምንቱን ዘርፍ እሷ ቋጨችው።»

«ይህም ቢሆን ከሕግ ውጭ ነው።»

«አውቃለሁ። ቅጣኝ።»

በቅጣት ብቻ ልናመልጥ ነበር፤ ዓይነ ጣት ፊት ላይ አይቼዋለሁ። «እሺ፣ ያንተ የትኛው ነው?» አሉ። «እጅህን አኑርበት።»

የደንቡ አነጋገር ነው፤ ሸማኔ «የኔ ነው» ሲል እጁን ጨርቁ ላይ ያኖራል። አባቴ አየኝ። ምን ልበለው? ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ እኔ እያቃጠልኩ በቋጨኋቸው አራቱ ላይ አኖረ። አጥብቆ ተጫነ። ክንዱ እስኪገተር ተጫነ። ግን ዓይነ ጣት መዳፋቸውን ከጨርቁ ላይ አላነሡም ነበር። ጨርቁ ነገራቸው። ዘርፎቹ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥለው፣ ነፋስ በሌለበት ክፍል ይወዛወዙ ነበር።

ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን አንሥተው የአባቴ እጅ ላይ ደረቡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዝናቡ ወዲህ።»

«እንግዲያው ጠርዙስ?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ። አሁን የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። «አሥራ ሁለቱንም የሸመንኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የጎተትኩት። ቀጥ አድርጌ መሸመን እችላለሁ፤ ከዚህ ሁሉ ቀጥ አድርጌ! አሁኑኑ መሸመኛ ላይ ያስቀምጡኝና ይዩኝ!»

«እንደምትችዪማ ይኸው አየሁት» አሉ። «የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬን ጠርዝ ሠርተሽ አታለልሽኝ። እኔን ያታለለ የለም።»

«እንግዲያውስ?»

«ከፊትሽ ዘጠኝ ሰው አለ።»

«ከዘጠኙ ይህን የሚሠራ አለ?»

«ምናልባት የለም።»

«ታዲያ እነሱ ያላቸው እኔ የሌለኝ ምንድን ነው?»

«ተራ» አሉኝ።

አፌ ምላጭ ነው ይባላል። ተራ ግን በምላጭ አይቆረጥም።

ጨርቆቹን መልሰው ጠቀለሏቸው። «እነዚህን ውሰጂ፤ በየጨርቁ የሸማኔው ቁጥር ይሰፋል፤ እነዚህ ግን ቁጥር ያለው እጅ የላቸውም። መሸመኛው ላይ ድር ቀርቷል?»

«ለአንድ ስካርፍ የሚበቃ» አለ አባቴ።

«እንግዲህ ታውቃለህ፤ ድር በጀመረበት ቤት ያልቃል። ተቆርጦ አይጣልም፣ የሌላ ክፍል እጅም አይቀጥለውም። እሱ እስኪያልቅ ክፍሉ የናንተ ነው። ከዚያ...» አልጨረሱትም፤ ፊታቸውን ወደሚቀጥለው ሰው አዞሩ። ዓይናቸው ሲቀላ አይቻለሁ። ግን የቀላ ዓይን ቤት አይሆንም።

ወደ ኮሪደሩ ስንወጣ ጥቅሉ ክንዴ ላይ ነበር። ከርክክብ ጨርቅ ይዞ የሚመለስ የለም። ተረኞቹ ሁሉ አዩን፣ ገባቸው፣ ጫማቸውን መመልከት ጀመሩ። ተረኛዋ ብድግ አለች፤ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሣች።

«እኔ አልተናገርኩም» አለችኝ። «ልጆቼን ይንሣኝ። የምቱን ድምፅ ሰምቼ የሳቸው እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ግን አልተናገርኩም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «አውቃለሁ» ብያት አለፍኩ።

ቤት ስንገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ድሩን ትኩር ብሎ አየው።

«ባትነኪውስ?» አለ።

እኔም መንገዱን ሙሉ ሳስበው የመጣሁት ይህንኑ ነው። ያልተሸመነ ድር አያልቅም። ወር፣ ሁለት ወር፣ ዓመት። ዓይነ ጣት የደንብ ሰው ናቸው፤ ደንቡ ደግሞ «እስኪያልቅ» ነው የሚለው። አንሶላውን አወረድኩ፣ መጋረጃውን ከፈትኩ፣ ከመሸመኛው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ሙሉ ሁለታችንም እዚያ ክፍል ውስጥ የታመመ ሰው እንደተኛበት በለሆሳስ ስናወራ ዋልን። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። ማንም ሳይነካው አንድ ክር ተበጥሷል። ተወጥሮ ሲደርቅ አልቻለም። ቋጠርኩት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ተበጠሱ። ድሩን ላላ አደረግኩት፤ ሲላላ ተንጨባረረ፣ ሳቃናው አራት ተበጠሱ። በአራተኛው ቀን አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ቀጣይ ሳምንት ላይ የሚቀረን ድር ሳይሆን ቋጠሮ እንደሚሆን ገባኝ። ባልነካውም ያልቃል። ልዩነቱ ጨርቅ ሆኖ ማለቁና ጉድፍ ሆኖ ማለቁ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እኔ ልቀመጥ ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አንሶላውን አረጠብኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። ቀሰሙን በክር ሞልቼ መወርወሪያው ውስጥ አስገባሁና ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውርወራዎች እጄ ከልማድ ወደ ግራ ጎተተው። ፈታኋቸው። ከዚያ በራሴ እጅ ጀመርኩ፤ ሳልጎትት፣ ሳላጣምም። ጠርዙ ቀጥ ብሎ መውረድ ያዘ። ጣት ያህል። ስንዝር። በእያንዳንዱ ምት ጨርቁ ወደ እኔ ሲመጣ ከማዶ ድሩ ያጥር ነበር፤ የድሩ ማሰሪያ እንጨት እየቀረበ ሲመጣ በግልጽ ይታየኝ ነበር።

አባቴ ከአልጋው ተነሣ። ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ መጣና አጠገቤ ቆሞ ድሩን ማርጠብ ጀመረ። ግማሹ ውሃ ድሩ ላይ፣ ግማሹ ጉልበቴና ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ጠርዙን አየው፤ እንጨቱን አየው።

«ቀስ በይ» አለኝ። «እባክሽ፣ ቀስ በይ።»

«ቀስ ካልኩ ይደርቃል» አልኩት፤ ወረወርኩ።